ገንዘቡ መግባቱን የሚናገረው የማን ስልክ ነው?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ቁርስ ቤት አለኝ፤ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይና ማኪያቶ እንሸጣለን። አብዛኛው ደንበኛ የሚከፍለው በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ነው። አካውንቱ በስሜ ነው፣ ስልኩም ከእኔ ጋር ነው። ጠዋት ዕቃ ልገዛ መርካቶ ስሄድ ካሸሯ የደንበኛውን ስልክ አይታ ታሰናብታለች። ባለፈው ወር ማታ ሒሳብ ስሠራ ሦስት ጊዜ ጎደለብኝ፦ 640፣ 420 እና 1,150 ብር። ሦስቱም «ልኬያለሁ» ብለው ስክሪንሾት አሳይተው የሄዱ ናቸው። 640ውን ከካሸሯ ደሞዝ ቆረጥኩ። ልጄ የአንዱን ሰውዬ የካሜራ ምስል ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው ይላል። ባለቤቴ ፖስ ማሽን እናስገባ ይላል። እኔ ደግሞ «ጥሬ ብር ብቻ» ብዬ ለጥፌ ልገላገል እያልኩ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ

እህታችን፣ ከመጨረሻው ልጀምርልዎ፤ ጥሬ ብር ብቻ አይበሉ። የጠፋብዎት በድምሩ 2,210 ብር ነው፤ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን ወደ 74 ብር ይመጣል። ያናድዳል፣ ግን ቤት አይዘጋም። አራት ኪሎ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚገባው ተማሪና የቢሮ ሠራተኛ ኪሱ ውስጥ ብር ላይኖረው ይችላል፤ ስልኩ ግን አለ። «ጥሬ ብር ብቻ» የሚለውን አንብቦ ወደ ቀጣዩ በር የሚሄደው ሰው በቀን አምስትና ስድስት ከሆነ ከ74 ብሩ የበለጠ ትርፍ ይዞብዎት ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የዝርዝር ችግር አለ፣ ሐሰተኛ ኖት አለ፣ ማታ ብር ይዞ ወደ ቤት መሄድ አለ። አንዱን ቀዳዳ ደፍነው ሦስት ይከፍታሉ።

ደብዳቤዎ ውስጥ ጥፋቱን የሚያሳየው ቃል ሌላ ቦታ ነው ያለው፦ «ስልኩ ከእኔ ጋር ነው» ያሉት ጋ። ምግቡ የሚወጣው አራት ኪሎ፣ የባንኩ መልእክት የሚገባው መርካቶ። ካሸሯ ገንዘቡ መግባቱን የምታውቅበት አንድም መንገድ የላትም፤ ያላት የከፋዩ ስልክ ብቻ ነው። የከፋይ ስልክ ደግሞ ምንም አያረጋግጥም፤ ባለቤቱ የፈለገውን ሊያሳይ ይችላል። የድሮ ክፍያ ስክሪንሾት ሊሆን ይችላል፣ ቀኑና ብሩ የተቀየረ ምስል ሊሆን ይችላል፣ የባንኩን መተግበሪያ መስሎ አረንጓዴ ምልክት ብቻ የሚያወጣ ሐሰተኛ መተግበሪያ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚያታልለው ግን እውነተኛ የሆነው ነው፦ ሰውየው በትክክል 420 ብር ልኳል፣ መልእክቱም ከባንኩ ነው፣ የተላከው ግን ለጓደኛው ነው። ወረፋ ላይ ያለች ካሸር «420» የሚለውንና «ተሳክቷል» የሚለውን አይታ ታልፋለች፤ የተቀባዩን ስም እስክታነብ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ወይም ሆን ተብሎ ብርሃኑ ተቀንሷል።

ስለዚህ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ የእርስዎን መልእክት የሚቀበል ስልክ ካውንተሩ ላይ ይቀመጥ። የቀረው ሁሉ እሱን ተከትሎ የሚመጣ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ካልተስተካከለ ሌላ ጣጣ ያመጣልና ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ አካውንቱን ይለዩ። አሁን የሚጠቀሙበት አካውንት ውስጥ የእቁብ ብር፣ ለቤት የተላከ ብርና የቁርስ ቤቱ ሽያጭ አንድ ላይ ካሉ ማታ ማስታረቅ አይቻልም፤ ለግብር ሲጠየቁ ወይም ብድር ሲያመለክቱም «ይኼ የቤት፣ ይኼ የሥራ» እያሉ ማስረዳት ይሆናል ሥራዎ። በንግድ ባንክ ለቁርስ ቤቱ ብቻ የሚሆን አካውንት ይክፈቱ። የንግድ ፈቃድዎን፣ ቲን ቁጥርዎንና የፋይዳ ቁጥርዎን ይዘው ይሂዱ። እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ነገር ለይተው ይጠይቁ፦ የሞባይል ባንኪንጉ በእርስዎ ስልክ ይሁንልኝ፣ ገንዘብ ሲገባ የሚላከው መልእክት ግን ለዚህ ለሌላው ቁጥር ይድረስልኝ ይበሉ። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ላይ ካደረጉት የካውንተሩን ስልክ የያዘ ሁሉ *889# ደውሎ የሚስጥር ቁጥር መሞከር ይችላል።

በቴሌብርም ከግል አካውንት ወጥተው በነጋዴነት ይመዝገቡ። ደንበኛው ወደ ስልክ ቁጥርዎ ከመላክ ይልቅ በመተግበሪያው ወይም በ*127# ገብቶ የነጋዴ ኮድዎን አስገብቶ ይከፍላል። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ የግል ስልክ ቁጥርዎ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ ሽያጩም ከግል ገንዘብዎ ጋር አይደባለቅም። ሲመዘገቡ ለካሸር ገቢን ብቻ የሚያሳይ፣ ማውጣት የማያስችል ተጠቃሚ መክፈት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የነጋዴውን አካውንት ፒን ማንም አይወቀው፤ ባለቤትዎም ቢሆኑ የሚያስፈልጋቸው ካልሆነ።

የካውንተሩ ስልክ ውድ መሆን የለበትም። ባለ ቁልፉ ትንሽ ስልክ ይበቃል፣ እንዲያውም ይመረጣል፦ ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ መብራት ሲጠፋ አይጨነቁም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ካሸሯም ቲክቶክ አትከፍትበትም። ሲም ካርዱ ላይ የሲም ፒን ያድርጉ፤ ስልኩ ቢሰረቅና ቢጠፋ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ የሞከረ ሰው ሲሙን ይቆልፈዋል። አንድ የማይታሰብ ችግር ግን አለው። የእነዚህ ስልኮች የመልእክት ማስቀመጫ ትንሽ ነው፤ ሲሞላ አዲስ መልእክት አይቀበልም። በሥራ ቀን ብዙ ክፍያ የሚገባበት ቤት በጥቂት ቀን ይሞላል። ከዚያ ደንበኛው በትክክል ከፍሎ መልእክቱ አይመጣም፣ ካሸሯም ሰውየውን ሌባ ታደርገዋለች። ማታ ሒሳብ ከታረቀ በኋላ ከባንኩና ከቴሌብር ከመጡት የመጨረሻዎቹ በቀር መልእክቶቹ በሙሉ ይሰረዙ፤ የስልኩ ቅንብር (ሴቲንግ) ውስጥም የሚቀመጡት ሲሙ ላይ ሳይሆን ስልኩ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፣ የሲም ማስቀመጫ ይበልጥ ጠባብ ነው።

አሁን ወደ መልእክቱ ራሱ እንምጣ፤ ካሸሯ ልትማር የሚገባት ይኼ ነው። አጭበርባሪዎቹ የካውንተር ስልክ እንዳለ ሲያውቁ የሚቀጥለው ዘዴያቸው ወደዚያ ስልክ የባንክ የሚመስል ጽሑፍ መላክ ነው። የንግድ ባንክ መልእክት ላኪው ቦታ ላይ የሚወጣው የባንኩ ስም ነው፤ የቴሌብር 127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ፣ ፊደሉ አንድ ባይሳሳት እንኳ፣ ክፍያ አይደለም። አዲስ መልእክት ሲገባ ከቀደመው የባንኩ መልእክት ሥር ተሰልፎ መግባቱ ይታይ፤ ለብቻው አዲስ ረድፍ ከከፈተ ይጠርጠር።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉ የምመርጠው ማጣሪያ ቀሪ ሒሳብ ነው። ትክክለኛው የገቢ መልእክት አሁን አካውንቱ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ብር ይጽፋል። አጭበርባሪው የላኪ ስም ሊያስመስል ይችላል፣ የቀኑን ጽሑፍ ሊገለብጥ ይችላል፤ የእርስዎ አካውንት ውስጥ በዚያች ደቂቃ ስንት ብር እንዳለ ግን አያውቅም። ያለፈው መልእክት ቀሪ 8,360 ካለና አሁን 180 ከገባ አዲሱ 8,540 ማለት አለበት። ካላለ፣ ወይ መሀል ላይ ያልታየ ክፍያ አለ፣ ወይ እርስዎ ብር አውጥተዋል፣ ወይ መልእክቱ ውሸት ነው። (ለዚህም ነው ጠዋት በሥራ ሰዓት ከዚህ አካውንት ገንዘብ ባያወጡ የምመክርዎ፤ የካሸሯን ድምር ያበላሹባታል። መርካቶ የሚገዙበትን ማታውኑ ወደ ሌላ አካውንት ያዛውሩ።) ካሸሯ ቀሪ ሒሳቡን ማየቷ የማይመችዎት ከሆነ መፍትሔው ያው ነው፦ ማታ ማታ አካውንቱን ወደ ትንሽ ብር ዝቅ ያድርጉት።

ሦስተኛው የኤፍቲ ቁጥሩ ነው። የንግድ ባንክ የግብይት ቁጥር «ኤፍቲ» ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ ሁለት አሃዝ የፈረንጆቹ ዓመት፣ ሦስት አሃዝ ደግሞ ከዓመቱ መጀመሪያ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይጽፋል። «25032» ካለ የ2025 32ኛ ቀን ነው፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 1፤ በእኛ ጥር 24 ቀን 2017። ስለዚህ ስክሪንሾቱ ላይ «ዛሬ» ተብሎ ተጽፎ የኤፍቲው ቀን ከሁለት ወር በፊት ከሆነ ምስሉ የተቀየረ ነው። ጠዋት ካሸሯ የዕለቱን አምስት አሃዝ ከራሷ የመጀመሪያ እውነተኛ መልእክት ላይ ገልብጣ ካውንተሩ ውስጥ ወረቀት ላይ ትጻፈው። በእሑድና በበዓል ዙሪያ የአንድ የሁለት ቀን ልዩነት ሊኖር ስለሚችል በዚያ ብቻ ሰው አይወቀስ። እንዲሁም ቁጥሩ ልክ ሆነ ማለት ገንዘቡ ገባ ማለት አይደለም፤ ቁጥርም ይቀየራል። ይኼ ማጣሪያ ሰነፉን ሌባ ይይዛል፣ ጎበዙን አይዝም።

በደንበኛው መልእክት ውስጥ ደረሰኙን የሚከፍት ሊንክ መኖሩን ያውቁ ይሆናል። ከፍተው ማየት ይችላሉ፤ የላኪውን፣ የተቀባዩንና የብሩን ልክ ያሳያል። ነገር ግን አድራሻው የባንኩ መሆኑን ይመልከቱ፦ ከ«https://» ቀጥሎ ከሚመጣው የመጀመሪያው «/» ወይም «:» በፊት ያለው መጨረሻ «ሲቢኢ ነጥብ ኮም ነጥብ ኢቲ» (cbe.com.et)፣ ለቴሌብር ደግሞ «ኢትዮቴሌኮም ነጥብ ኢቲ» (ethiotelecom.et) መሆን አለበት። ደንበኛው በራሱ ስልክ ከፍቶ የሚያሳይዎት ገጽ ከስክሪንሾት አይሻልም፤ የደረሰኙን አድራሻ በእርስዎ ስልክ አስገብተው ይክፈቱ።

ሌላም የሚዘነጋ ቀዳዳ አለ፤ ከሌባ ይልቅ በወዳጅ ደንበኛ የሚመጣ። ሁለት ጓደኛሞች አንድ አንድ ጨጨብሳና ሻይ በልተው አንዱ 180 ይልካል፤ መልእክቱ ካውንተሩ ስልክ ላይ ገባ። ሁለተኛው መጥቶ «እኔም ልኬያለሁ፣ 180» ይላል፤ ካሸሯ ታያለች፣ እውነትም 180 አለ። ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ግርግር ተመሳሳይ ዋጋ አሥር ጊዜ ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ የሒሳብ ወረቀት ጀርባ ላይ የመልእክቱ ግብይት ቁጥር የመጨረሻ አራት ፊደልና አሃዝ ይጻፍ። አንዴ የተጻፈ ቁጥር ሁለተኛ ሒሳብ አይዘጋም። የላኪውን የመጀመሪያ ስም ጮክ ብላ ብታነብ ደግሞ ይፈጥናል፤ «አበበ ማነው? ገብቷል፣ እናመሰግናለን» ማለት ሰልፉንም ያቀልላል። «ማስታወሻ ላይ የጠረጴዛ ቁጥር ጻፉ» የሚለው ምክር በብዛት ይሰጣል፤ እኔ አልወደውም። ደንበኛው የጻፈው ምክንያት ደረሰኙ ላይ ቢወጣም ካሸሯ በምታየው አጭር መልእክት ላይ እንዲመጣ መጠበቅ አይቻልም፣ ሰውም ተርቦ እያለ አይጽፍም።

መልእክቱ ቢዘገይስ? ይዘገያል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ፣ በተለይ ደንበኛው ከሌላ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ ሲልክ፣ ገንዘቡ ከእሱ ወጥቶ እርስዎ ጋ ያልገባባት ጊዜ ትኖራለች። እዚህ ላይ ካሸሯ ፍርድ እንድትሰጥ አያስገድዷት፤ ደንቡን እርስዎ ያውጡት። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦ አምስት ደቂቃ ይጠበቅ። ካልመጣ ካሸሯ ለእርስዎ ትደውል፤ እርስዎ መርካቶም ሆነው *889# ገብተው ወይም በመተግበሪያው የቅርብ ጊዜ እንቅስቃሴዎችን ያያሉ፤ መልእክት ሳይመጣ ገንዘቡ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እዚያም ከሌለ፣ ሒሳቡ ከተወሰነ ብር በታች ከሆነ (ለምሳሌ ከ300) ስሙንና ስልኩን ጽፋ ታሰናብተው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ መንገድ ይክፈል ወይም ይጠብቅ። የስልክ ቁጥሩን ስትቀበል እዚያው ሚስኮል ታድርግበት፤ ስልኩ ላይ ካልታየ የሰጣት ቁጥር ይጠርጠር። ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ገብቶ ከተገኘ በማግስቱ ይመለስለታል፤ ይኼንንም አስቀድማ ትንገረው።

ይኼ ሁሉ ሲወራ ቀላል ነው፤ ካውንተር ላይ የሚያስቸግረው ይሉኝታ ነው። ከረባት ያሰረ ሰው «ልኬያለሁ ልጄ» ብሎ ስልኩን ሲያሳይ የሃያ ዓመት ልጅ «አልገባም» ማለት ይከብዳታል። ሌባውም የሚተማመነው በዚህ ነው፤ ስልክ እያወራ ይመጣል፣ ይቸኩላል፣ ይቆጣል። ስለዚህ ጥርጣሬው ከእሷ አፍ ሳይሆን ከግድግዳው ይምጣ። ካውንተሩ ላይ፣ ደንበኛው ሲከፍል ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ፣ በትልቁ ይጻፉ፦ «ክፍያዎ የሚረጋገጠው በእኛ ስልክ ላይ ሲገባ ነው። ስክሪንሾት አንቀበልም። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ካሸሯ የምትለውም አንድ ቋሚ ዓረፍተ ነገር ይኑራት፦ «እኛ ጋ እስኪገባ ትንሽ ይታገሱን፣ ሲገባ እነግርዎታለሁ።» ለሁሉም፣ ለቋሚ ደንበኛም፣ ለሰፈር ሽማግሌም ያው ይባል። ለአንዱ ከቀረ ለሌላው ስድብ ይሆናል። የተጠቀለለ ምግብ ይዘው ለሚሄዱ ግን ከመጠቅለሉ በፊት ይከፈል።

ግድግዳው ላይ ስምንት የባንክ ቁጥር መደርደር ከተማው ውስጥ ፋሽን ሆኗል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ቁጥር ካሸሯ የምታየው ተጨማሪ ቦታ ነው፣ ማታ የሚታረቅ ተጨማሪ ሒሳብ ነው። ሁለት ይበቃዎታል፦ አንድ ባንክና አንድ ቴሌብር። የንግድ ባንክ አካውንት በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ስለሆነ በአራት አራት ከፋፍለው በትልቁ ይጻፉ፣ ከሥሩም አካውንቱ የተመዘገበበትን ስም እንዳለ ያስቀምጡ፤ ደንበኛው ከመላኩ በፊት የሚወጣለትን ስም ያመሳክራል። ኪው አር ኮድ ከለጠፉ ከመስታወት ሥር ያድርጉት። ሌሊት ወይም በግርግር መሀል በላዩ ላይ ሌላ ኮድ መለጠፍ የደቂቃ ሥራ ነው። ቤቱን የከፈተው ሰው ጠዋት በስልኩ አንስቶ የሚወጣው ስም የእርስዎ መሆኑን ይይ።

«በስህተት ላክሁ» የሚል ስልክ መምጣቱ አይቀርም፤ ሽያጭ በስልክ የሚያደርግ ሁሉ ይደርስበታል። 500 ልልክ 5,000 ላክሁ፣ 4,500ውን መልሱልኝ ይላል፤ አብሮም የ5,000 መልእክት ይመጣል። መልእክቱ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ብሩ እውነት ይሆናል፣ ግን የሌላ የተጭበረበረ ሰው ገንዘብ ነው። ካሸሯ ምንም አትመልስ። እርስዎም በራስዎ ትራንስፈር አይመልሱ። «ወደ ላኩበት ባንክ ይሂዱና ያመልክቱ፣ ባንኩ ሲጠይቀኝ እተባበራለሁ» ይበሉ፤ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951 ደውሎ ማመልከት ይችላል። እውነተኛ የተሳሳተ ሰው ይኼን ያደርጋል። የሚሳደበው ሌላ ነገር የሚፈልገው ነው።

የማታው ሒሳብ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ደብተር፣ አራት መስመር፦ የሒሳብ ወረቀት ቁጥር፣ ብር፣ የግብይቱ የመጨረሻ አራት፣ በቴሌ ነው በባንክ። ካሸሯ በቀን ትሞላዋለች፤ እርስዎ ማታ በራስዎ መተግበሪያ ላይ ካለው የገቢ ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ። ከካውንተሩ ስልክ ጋር አያመሳክሩ፤ እሱ የእሷ መሣሪያ ነው። ደብተሩ ላይ ኖሮ ባንኩ ላይ የሌለ ገንዘብ ቀዳዳ ነው። በተቃራኒው ባንኩ ላይ ገብቶ ደብተሩ ላይ የሌለ ገንዘብ ሲገኝ ሰው ደስ ይለዋል፤ ደስ አይበልዎ። ወይ አንድ ሰው ሁለቴ ከፍሏል፣ ወይ ሒሳብ ወረቀት ሳይቆረጥ ምግብ ወጥቷል። ሁለተኛው ከሆነ በጥሬ ብር የተሸጠውም እንደዚሁ ሳይመዘገብ ሊወጣ እንደሚችል ይነግርዎታል። በነገራችን ላይ ብሩ በስልክ ገባ ማለት ደረሰኝ ቀረ ማለት አይደለም፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ያለብዎት ከሆነ ለትራንስፈርም ይቆረጣል።

ስለ 640ው ብር። ይመልሱላት። ገንዘቡ መግባቱን የምታይበት ነገር ሳትሰጧት የገባውን እንድታውቅ ጠየቋት፤ ያንን ማንም አይችልም። ሕጉም ከእርስዎ ጋር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንደሆነ ይደነግጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። «ተስማምታለች፣ ዝም ብላለች» አይሠራም። የሚከተለውን ግን ማድረግ ይችላሉ፦ አዲሱ አሠራር ሲጀመር ደንቡን በወረቀት ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙበት። ስክሪንሾት አይታ ካሰናበተች ጥፋቷ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቃና ደውላ ደንቡን ተከትላ ከጎደለ የቤቱ ኪሳራ። ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ክርክር አይኖርም። ካሸር የምትጠላው ቁጥጥርን አይደለም፣ ማታ ምን ሊባል እንደሆነ አለማወቅን ነው።

ለልጅዎ ንገሩት፦ ቪዲዮው አይለቀቅ። ንግድ ባንክ መጋቢት 2016 ላይ በሲስተም ብልሽት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ በወጣበት ጊዜ ገንዘብ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጥፎ ነበር። ባንኩ ግን የእያንዳንዱን ሰው አካውንት፣ ሰዓትና ብር በመዝገብ ይዞ ነው። እናንተ ያላችሁ አንድ ሰው ቁርስ በልቶ ስልክ አሳይቶ ሲወጣ የሚያሳይ ምስል ነው፤ ገንዘቡ በስህተት ለሌላ ሰው ተልኮ ሊሆን ይችላል። ሰው ስም ካጠፋችሁ በኋላ ንፁህ ሆኖ ቢገኝ የሚከሰሰው ቁርስ ቤቱ ነው። ምስሉን ከነቀኑና ሰዓቱ አስቀምጡት፤ ስክሪንሾቱን ካሸሯ ፎቶ አንስታው ከሆነ አብራችሁ ያዙ። የሦስቱንም ጉድለት አንድ ላይ አድርጋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለልና ሐሰተኛ ሰነድ ይመለከታል። 420 ብር ብቻውን ማንንም አያንቀሳቅስም፤ ያው ሰው በአካባቢው ሌሎች ቤቶችም ዞሮ ከሆነ ግን የእናንተ ማመልከቻ ከሌሎቹ ጋር ይደመራል። ጎረቤት ካፌዎችን ጠይቁ፣ ምናልባት እነሱም ያውቁታል።

የባለቤትዎ ፖስ ማሽን ይቆይ። ማሽኑ ካርድ ለሚያወጣ ደንበኛ ነው፤ የሻይና የፉል ደንበኛ ካርድ አያወጣም። ካሸሯ ለሁለት ሳምንት «በካርድ መክፈል እችላለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው በመጣ ቁጥር ደብተሩ ጀርባ ላይ መስመር ታስምር። መስመሮቹ በርክተው ከታዩ ባንኩን ሄደው ያነጋግሩ፤ ያኔ ከአንድ ግብይት የሚቆረጥ ነገር መኖሩን፣ ገንዘቡ አካውንትዎ ውስጥ የሚገባው በስንት ቀን እንደሆነና ማሽኑ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ይጠይቁ።